የቀዘቀዘ ክፍል፣ ያልተለወጠ አየር

በቀዶ ሕክምና ክፍል የሚሠራ ሰው ስለ ጓንት፣ ስለ መቀስ፣ መሣሪያን በእንፋሎት ከጀርም ስለሚያጸዳው አውቶክሌቭና ስለ እጅ አስተጣጠብ ሳይናገር የሚውልበት ቀን የለም፤ ስለ ክፍሉ አየር ግን አንደበቱ የሚፈታው ወይ ሲሞቀው ወይ ሲበርደው ነው። እኔ በሙያዬ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ፤ ከተወሰኑ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ኢንፌክሽንን በመከላከልና በመቆጣጠር ሥራ ላይ ተመድቤያለሁ። በጎንደርና በዙሪያዋ ባየኋቸው ክፍሎች ደጋግሞ የገጠመኝ ነገር አንድ ነው፤ ክፍሉ ቀዝቀዝ ካለ አየሩ ንጹሕ እንደሆነ ይታሰባል። ቅዝቃዜ ግን የአየሩን ሙቀት እንጂ ንጽሕናውን አይነግረንም። ይህ ስሕተት ትንሽ ይምሰል እንጂ የሚገዛው ዕቃ፣ የሚታነጸው ሕንፃና የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ በእሱ ላይ ስለሚመሠረት ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልጽፍበት ወደድሁ።

በአየሩ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ጀርም የሚመጣው ከደጅ፣ ከአቧራው ጋር ይመስለዋል። አቧራው የራሱ ጣጣ አለው፤ እመለስበታለሁ። ነገር ግን የቀዶ ሕክምና ቁስልን ከሚያመረቅዙት ባክቴሪያዎች ዋነኛው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚኖረው በሰው ቆዳና በአፍንጫ ውስጥ ነው። ጤነኛ ሰው በቀን 10 ሚሊዮን ገደማ የቆዳ ቅርፊት ያራግፋል፤ ሲራመድ በደቂቃ 10,000 ያህል ሊረግፍ ይችላል፤ ከእነዚህም የተወሰኑት ባክቴሪያ ተሸክመው ይነሣሉ። አብዛኞቹ ከ4 እስከ 20 ማይክሮ ሜትር ቢሆኑ ነውና በዓይን አይታዩም፤ ከመቅለላቸው የተነሣ ለደቂቃዎች ተንሳፍፈው ይቆዩና በተከፈተ ቁስል ወይም በተዘረጋ የመሣሪያ ጠረጴዛ ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ የክፍሉን አየር ከሁሉ በላይ የምናቆሽሸው ጋውን ለብሰን፣ ጭምብል አጥልቀን የምንገባው እኛው ሠራተኞቹ ነን።

ቅርፊቱ ባይታይም የሚሄድበትን መንገድ ማየት ይቻላል። የምሥራቅ መስኮት ባለው ክፍል፣ ማለዳ ፀሐይ በአግድም ስትገባ፣ ከድራም (ከጀርም የጸዳ ጨርቅ ከሚቀመጥበት ጣሳ) የወጣ የጥጥ ጨርቅ ተራግፎ ሲዘረጋ ቆሞ መመልከት ይበቃል። ከጨርቁ የተነሣው ብናኝ በጨረሩ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ የሞቀው የኦፕራሲዮን መብራት አጠገብ ሲደርስ ይሽከረከራል፤ ከዚያም ቀስ እያለ ይወርድና መሣሪያው ላይ ያርፋል። ለአዲስ ሠራተኞች ሥልጠና ስሰጥ በቅድሚያ የማሳያቸው ይህንን ነው። አንዴ ያየ ሰው ጨርቅ አራግፎ አይዘረጋም፤ እጥፉን በእጁ ይዞ በዝግታ ይገልጠዋል።

የሕክምናው ዓለም ራሱ በዚህ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ወላውሏል። ቀዶ ሐኪሙ ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1867 ፀረ ጀርም ቀዶ ሕክምናን ካስተዋወቀ በኋላ በ1871 አየሩን በካርቦሊክ አሲድ መርጨት ጀመረ፤ በ1890 ግን የአየሩ ጀርም የፈራውን ያህል አሳሳቢ እንዳልሆነ አምኖ መርጨቱን መተዉን ተናገረ። ትኩረቱም ወደ እጅና ወደ መሣሪያ ዞረ። አየሩን መልሶ ያነሣው እንግሊዛዊው የአጥንት ሐኪም ጆን ቻርንሊ ነው። በ1960ዎቹ በራይቲንግተን ሆስፒታል ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ሲተክል፣ ባዕድ አካል በተተከለበት ቦታ ጥቂት ባክቴሪያም ትልቅ ጉዳት እንደሚያደርስ ስላየ ንጹሕ አየር የሚወርድበት ልዩ ክፍል አሠርቶ መጠቀም ጀመረ። በ1982 የታተመውና ከ8,000 በላይ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምናዎችን ያካተተው የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ እጅግ በተጣራ አየር ውስጥ የተሠራላቸው ሕሙማን የጥልቅ ኢንፌክሽን መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.6 በመቶ እንደወረደ አሳየ። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ የተጣራ አየር ሳይደባለቅ በአንድ አቅጣጫ እንዲወርድ የሚያደርገው፣ ላሚናር ፍሎው የሚባለው ውድ ሥርዓት በመገጣጠሚያ ተከላ ጊዜ ኢንፌክሽንን ለመቀነስ ሲባል ባይሠራበት ይሻላል የሚል ምክር ሰጠ፤ ማስረጃው ደካማ መሆኑንም አብሮ ገለጸ።

ይህን ታሪክ የማነሣው አየሩ ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር የሚያወዳድረው ላሚናር ፍሎውን በደንብ ከሚሠራ መደበኛ የአየር ማናፈሻ ጋር እንጂ ምንም ማናፈሻ ከሌለው ክፍል ጋር አይደለም። እኛ ዘንድ ግን ክርክሩ ዘለል ብሎ ከጣሪያው ላይ ይጀምራል። የሆስፒታል ማስፋፊያ ሲነሣ ላሚናር ፍሎው ይግባ ወይስ አይግባ ተብሎ ብዙ ይባላል፤ በመደበኛው ክፍል በሰዓት ስንት ጊዜ አየር ይለወጣል ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። በእኔ እምነት መልስ የሚያስፈልገው ለሁለተኛው ጥያቄ ነው። ቅደም ተከተሉንም መሳት አይገባም፤ እጅ በአግባቡ ሳይታጠብ፣ የታካሚው ቆዳ በአግባቡ ሳይዘጋጅ፣ አንቲባዮቲክ ከመቀደዱ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ ሳይሰጥ ስለ አየር ብቻ መጨነቅ ከንቱ ነው። አየሩ ከእነዚህ ቀጥሎ ይመጣል፤ ቀጥሎ መምጣቱ ግን ጨርሶ ለመረሳት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በሰፊው የሚሠራበት፣ አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማናፈሻ መሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው መስፈርት 170 ለቀዶ ሕክምና ክፍል በሰዓት 20 የአየር ለውጥ ይጠይቃል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 4ቱ ከውጭ የገባና የተጣራ ንጹሕ አየር መሆን አለበት። የሙቀቱ መጠን ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርጥበቱ ከ20 እስከ 60 በመቶ፣ የክፍሉ ግፊት ደግሞ ከኮሪደሩ ቢያንስ በ2.5 ፓስካል (ፓስካል የግፊት መለኪያ ነው) የበለጠ ሊሆን ይገባል። በተግባር እናስላው። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል 108 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በሰዓት 20 ጊዜ ይለወጥ ከተባለ 2,160 ሜትር ኩብ አየር መንቀሳቀስ አለበት፤ ከዚህም 432ቱ ከደጅ የመጣ መሆን ይኖርበታል። ትርጉሙን የሚገልጠው የማጽጃው ጊዜ ነው። በሰዓት 20 ለውጥ ባለው ክፍል በአየር ላይ ካለው ብናኝ 99 በመቶው በ14 ደቂቃ ይወጣል፤ ለውጡ 6 ከሆነ 46 ደቂቃ ይፈጃል፤ 2 ብቻ ከሆነ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ 138 ደቂቃ ይወስዳል። በሁለት ታካሚዎች መካከል ወለሉ ተወልውሎ፣ አልጋው ተጠርጎ፣ አዲስ ጨርቅ እስኪነጠፍ የሚያልፈውን ጊዜ የሚያውቅ ሰው በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት አይቸገርም።

አሁን ኤሲ ወደምንለው ነገር ልምጣ። በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ኤሲ ከውጭ አንዲት ኩባያ አየር አያስገባም። የክፍሉን አየር ይስባል፣ ያቀዘቅዛል፣ መልሶ ይነፋዋል። በበሩና በመስኮቱ ዝግ በሆነ ማድ ቤት ጭስ ላይ ቢያራግቡ ጭሱ ቦታ ይለውጣል እንጂ እንደማይወጣ ሁሉ፣ በዚህ ኤሲ ሥር ያለ ብናኝም ከጥግ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ቁስል ይዞራል። ውስጡ ያለው ስስ ወንፊት ማሽኑን ከአቧራ ለመጠበቅ የተሠራ ነው፤ ባክቴሪያ የተሸከመ ቅርፊት ለማስቀረት አልተሠራም። የጠረጴዛና የጣሪያ ቬንትሌተርም ያው ነው፤ እንዲያውም ወለል ላይ ያረፈውን ስለሚያነሣ ይብሳል። ይህን ለማረጋገጥ፣ ከትንፋሻችን የሚወጣውን ጋዝ የሚለካ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ጥሩ ረዳት ነው። የደጅ አየር 420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 420ው) አካባቢ ሲያሳይ፣ ኤሲው እየሠራ በሩ ተዘግቶ ስምንት ሰው የቆመበት ክፍል ቁጥሩ ያለማቋረጥ ሲወጣ ይታያል፤ ክፍሉ ግን ደስ በሚል ቅዝቃዜ ላይ ነው። በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም ሆድ በዚሁ ጋዝ ተነፍቶ በካሜራ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ግን ጋዙ ራሱ ከታካሚው ሆድ ስለሚያፈተልክ ንባቡ አይታመንም። መለኪያውም የከተማችን ከፍታ ካልተሞላለት ከእውነተኛው መጠን ዝቅ አድርጎ ያነብባል።

ከፍታውን ካነሣሁ አይቀር ጥቂት ልበልበት፤ ብዙ ጊዜ ሲዘነጋ አያለሁና። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይቀላል። ማራገቢያው የሚያንቀሳቅሰው የአየር መጠን በሜትር ኩብ ሲለካ ያው ስለሆነ የለውጡ ብዛት አይቀንስም፤ ነገር ግን የቀለለ አየር የሚሸከመው ሙቀት አነስተኛ በመሆኑ በባሕር ወለል ስሌት የተመረጠ ማሞቂያም ሆነ ማቀዝቀዣ እዚህ የታሰበውን ያህል አይሠራም። ጄኔሬተሩም ቢሆን ከፍታ ላይ ኃይሉ ይቀንሳል። በካታሎጉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ ወስዶ የሚያዝ ሰው፣ ዕቃው ከተገጠመ በኋላ አይሠራም ብሎ ፋብሪካውን ይወቅሳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጎንደርን የሚለያት ብርዱ ነው። ስለ ቀዶ ሕክምና ክፍል አየር የሚጻፉ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚጨነቁት ስለ ሙቀት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን በታኅሣሥ ማለዳም ሆነ በሐምሌ ዝናብ ማናፈሻው የሚጠፋው ስለበረደ ነው። በቀዶ ሕክምና የምትወልድ እናት ስትገባ ደግሞ ነገሩ ይከርራል። አብረው የመጡት እናቷ በር ላይ ቆመው «እባክሽ ልጄ፣ ብርድ እንዳይመታብኝ መስኮቱን ዝጊልኝ» ይላሉ። እኔም «እሺ እማማ፣ እናለብሳታለን» እላለሁ። የእማማ ስጋት በሕክምናም መሠረት አለው፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚወለድበት ክፍል ቢያንስ 25 ዲግሪ ይሁን፣ ነፋስም አይግባበት ይላል። የእናቲቱም ሰውነት ከቀዘቀዘ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ትጋለጣለች። ታዲያ መፍትሔው አየሩን መዝጋት አይደለም። የሚገባው አየር ሞቆ እንዲገባ ማድረግ፣ እናቲቱን በሞቀ ብርድ ልብስ መሸፈን፣ የሚሰጣትን ግሉኮስ ማሞቅ፣ ሕፃኑን ወዲያው አድርቆ ከማሞቂያው ሥር ማድረግ ነው። የአየር ማናፈሻ ዕቅድ ስናወጣ ማቀዝቀዣ እንጂ ማሞቂያ አለማዘዛችን ከሌላ አገር ችግር የተቀዳ ዕቅድ እንደያዝን ያሳያል።

መስኮት መክፈትስ? ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፍቶባት የጤና መኮንኖችን፣ የኮሚዩኒቲ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ያፈራች ናት፤ ቤት መስኮት ይኑረው፣ አየር ይዘዋወርበት የሚለው ትምህርት በየገጠሩ የተሰበከው በእነዚህ ባለሙያዎች ነው። ትምህርቱ ለመኝታ ክፍልም ለተመላላሽ ሕክምናም ትክክል ነው። ለቀዶ ሕክምና ክፍል ግን ግማሽ መልስ ነው። በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ አንድ አንድ ሜትር ካሬ መስኮት ተከፍቶ በሰከንድ 1 ሜትር የሚነፍስ ለስላሳ ነፋስ ቢያልፍ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለተፈጥሮ አየር ዝውውር በሰጠው ግምታዊ ስሌት መሠረት በሰዓት 2,340 ሜትር ኩብ ይገባል፤ ያ 108 ሜትር ኩብ ክፍል ከ20 ጊዜ በላይ አየር ይለወጥለታል ማለት ነው። በቁጥሩ መስፈርቱን አልፏል። ነገር ግን በየካቲትና በመጋቢት ከተራቆተው ማሳና ከመንገዱ የሚነሣውን አቧራ ማን ያጣራዋል? ዝንቡንስ? ነፋሱ ዛሬ ከመጸዳጃው በኩል ቢመጣስ? ወንፊት ብናደርግበት ዝንቡ ይቀራል፤ አቧራው ግን ያልፋል፤ የአየሩም ፍሰት ይቀንሳል። ሌላ አማራጭ በሌለው ክፍል ከታፈነ አየር የተከፈተ መስኮት ይሻላል ባይ ነኝ፤ በተለይ በሁለት ታካሚዎች መካከል መሣሪያ ሳይዘረጋ ከፍቶ ማናፈስ። አዲስ ክፍል ሲሠራ ግን በዚህ ላይ መተማመን አይገባም።

አየር ከየት ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከሶፍት ላይ የጣት ስፋት ያላትን ቁራጭ ቀዶ በተዘጋው በር ሥር ባለው ክፍተት ፊት ለፊት፣ ከኮሪደሩ በኩል ይዞ መቆም ነው። ሶፍቷ ወደ ኮሪደሩ ከተነፋች ክፍሉ አየር ወደ ውጭ እየገፋ ነው፤ ደህና ነው። ቀጥ ብላ ከተንጠለጠለች ግፊት የለም። ወደ ክፍሉ ከተሳበች ደግሞ የኮሪደሩን፣ የልብስ መቀየሪያውንና የቆሻሻ ማስወጫውን አየር ቁስሉ ላይ እየሳብን ነው ማለት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ የኤግዞስት (አየር አስወጪ) ማራገቢያ ብቻ ተገጥሞ፣ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ምንም ሳይኖር፣ ሶፍቷ በበሩ ሥር ተስባ ስትጣበቅ አይቻለሁ። ማራገቢያውን የገጠሙት ሰዎች በቅንነት አየር ይውጣ ብለው ነው፤ የሚወጣው አየር በምን እንደሚተካ ግን አልታሰበም።

በሩ ከተከፈተ ደግሞ ግፊቱ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። ክር ለማምጣት፣ ደም ለመላክ፣ ስልክ ለማቀበል፣ ተማሪ ለማስገባት በሩ በአንድ ቀዶ ሕክምና ስንት ጊዜ እንደሚከፈት አንድ ሰው ተመድቦ ቢቆጥር ይደነግጣል። በማስተማሪያ ሆስፒታሎች የተማሪውን ቁጥር መቀነስ ቀላል አይደለም፤ ማየት አለባቸው። ሆኖም ከመቀደዱ በፊት ገብተው፣ እስኪሰፋ ድረስ በአንድ ቦታ እንዲቆሙ ማድረግ ይቻላል። ይህ አንድ ብር አያስወጣም፤ የሚያስፈልገው የክፍሉ ኃላፊ «በሩ ተዘግቷል» ስትል ፕሮፌሰሩም ጭምር እንዲያከብሯት ነው።

ማሽኑ ያላቸው ክፍሎችስ? እዚህ ላይ ልቤ በጣም ያዝናል። በአንድ ሆስፒታል ጣሪያ ላይ የተቀመጠ የአየር ማከፋፈያ ማሽን ከጥገናው ባለሙያ ጋር ወጥቼ አየሁ። ሽፋኑን ሲከፍቱት ማጣሪያው ከመሙላቱ የተነሣ እንደ ከረጢት ሆዱን ነፍቶ ወደ ውስጥ ጎብጧል፤ በጣት ሲነካ ግራጫው አቧራ በድፍኑ ይረግፋል።

«ጋሼ፣ ይህ መቼ ነው የተቀየረው?»

«ልጄ፣ ከመጣ ጀምሮ ያው ነው። ትርፉን ማጣሪያ አብሮ አላመጡትም፤ ግዢ ጠይቀን ስፔሲፊኬሽኑን አምጡ አሉን፤ የተለጠፈበት ወረቀት ደግሞ ፀሐይ በልቶታል።»

እኚህ ሰው ሥራቸውን የሚያውቁና የሚወዱ ናቸው። ማሽኑ እየጮኸ ስለሆነ ታች ያለው ሠራተኛ ሁሉ ማሽኑ ይሠራል ብሎ ያምናል፤ በተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ የሚያልፈው አየር ግን እጅግ ትንሽ ነው፤ ግፊቱም የለም። ኃላፊነቱ የአንድ ሰው አይደለም። ማሽኑን የለገሰው ወገን ትርፍ ማጣሪያ አላሰበም፤ የተቀበለው ወገን የመለኪያ ውጤት አልጠየቀም፤ በጀት የሚይዘው ክፍል ማጣሪያን ከጓንትና ከክር እኩል በየጊዜው እንደሚያልቅ ዕቃ አላየውም። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ ነው፤ ጄኔሬተሩ የኦፕራሲዮን መብራቱን፣ የማደንዘዣ ማሽኑንና ሳክሽኑን (ደምና ፈሳሽ መምጠጫውን) ያነሣል፤ የአየር ማከፋፈያው ግን በብዙ ቦታ ከዚያ መስመር ጋር አልተገናኘም።

ስለ ሠራተኛው ጤናም ሳልናገር ላልፍ አልችልም። ሃሎቴን የተባለው የማደንዘዣ ጋዝ በሚሰጥበት ክፍል ያ ጣፋጭ ሽታ ከተሰማ፣ ጋዙ ከሚፈቀደው በላይ ሆኗል ማለት ነው፤ ምክንያቱም የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም ናዮሽ ለእንዲህ ያሉ ጋዞች ያስቀመጠው ጣሪያ 2 ፒፒኤም ሲሆን አፍንጫ የሚያውቀው ከዚያ እጅግ ከፍ ሲል ነው። ከማደንዘዣ ማሽኑ የሚወጣውን ትርፍ ጋዝ በቱቦ ወደ ደጅ ማውጣት ውድ ሥራ አይደለም። ሥጋን በኤሌክትሪክ ሙቀት ከሚቆርጠውና ደም ከሚያቆመው ኮተሪ የሚነሣው ጭስም ቤንዝን (Benzene) የተባለውን ኬሚካልና ፎርማልዴሃይድን የመሰሉ ጎጂ ነገሮች አሉበት፤ ተራው ጭምብል አያስቀረውም፤ ሳክሽኑን ከጫፉ አጠገብ መያዝ ግን ብዙውን ይስበዋል። ማደንዘዣ የሚሰጡት አኔስቴቲስቶቻችን በየቀኑ ለሰዓታት በአንድ ቦታ የሚቀመጡት እዚያው ጋዙ በሚወጣበት ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ታካሚ ሲመጣ ደግሞ የአየር ለውጡ ቁጥር የግድ መታወቅ አለበት። ሊዘገይ የሚችል ቀዶ ሕክምና ከሆነ መድኃኒቱ እስኪሠራ ይቆያል፤ የማይዘገይ ከሆነ በዕለቱ ተራ መጨረሻ ላይ ይደረጋል፤ በሩ ተዘግቶ ይሠራል፤ ሠራተኛው ኤን95 የተባለውን ጥቃቅን ብናኝ የሚያጣራ ጭምብል ያጠልቃል፤ ታካሚው ከወጣ በኋላም ክፍሉ አየሩ እስኪጸዳ ባዶ ይቆያል። ምን ያህል ይቆይ? ለውጡ 20 ከሆነ ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ 2 ከሆነ ከሁለት ሰዓት ያልፋል። ለውጡ ያልተለካበት ክፍል ግን ጽዳት ሠራተኛዋን መቼ እንደሚያስገባት በምን ያውቃል?

ስለዚህ አዲስ ክፍል የምትረከቡ፣ እርዳታ የምትቀበሉ ወይም አሮጌውን የምታድሱ ባልደረቦቼ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን በጽሑፍ ጠይቁ። በሰዓት የተለካው የአየር ለውጥ ስንት ነው? ከውጭ የሚገባው ስንቱ ነው? በሩ ሲዘጋ ግፊቱ ስንት ፓስካል ነው? ማሽኑ የተመረጠው ለ2,100 ሜትር ከፍታ ነው? ማሞቂያ አለው? ከጄኔሬተሩ ጋር ተያይዟል? የማጣሪያው ዓይነትና ልክ በማይጠፋ ቀለም ማሽኑ ላይ ተጽፏል? የሁለት ዓመት ትርፍ ማጣሪያስ አብሮ መጥቷል? የግፊት መለኪያው ከበሩ አጠገብ፣ ነርሷ ስትገባ በምታየው ቁመት ላይ ይሰቀል፤ ንባቡም በየማለዳው ከአውቶክሌቩ መዝገብ ጎን ይመዝገብ። መልሱ ካልተሟላ ርክክቡ ይቆይ፤ የምረቃው ቀን ቢገፋም ይገፋ።